የበረሃ ወይራ

ልጅ ሳለሁ አያቴ ምጣድም ጀበናም የምትገዛው ከአንዲት የወለቃ ሴት ነበር። ወለቃ ከጎንደር በደባርቅ መንገድ ወጣ ብላ የምትገኝ መንደር ናት፤ በእግር ይደረስባታል። ያኔ ቤተ እስራኤላውያን፣ የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ይኖሩባት ነበር፤ ሴትዮዋም ከእነሱ ናት። ሴትዮዋ ሸክላዋን አዝላ፣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ እየጮኸባት፣ እስከ ደጃችን ትመጣለች። ከአያቴ ጋር ሰላምታቸው ረጅም ነው። ጤና ይጠያየቃሉ፣ በዋጋ ይከራከራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ገንዘቡን የማደርሰው እኔ ነኝ። አያቴ ሁልጊዜ «እጇ ላይ እንዳትሰጪያት፣ ድንጋዩ ላይ አስቀምጪላት» ትለኛለች። ቡና ከተፈላም ሴትዮዋ ትቀመጣለች እንጂ በእኛ ሲኒ አትጠጣም።

ለምን እንደሆነ ስጠይቅ አያቴ «አትንኩኝ ናቸው» አለችኝ። ከወገናቸው ውጪ የሆነ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ሳይታጠቡ ቤታቸው አይገቡም ማለቷ ነው። በእኔ ልጅነት ይህ ሕግ ብዙ ላልቶ ነበር፤ አሮጊቶቹ ግን ይጠብቁታል። እኔ ተቀየምኩ። እኛ ቆሻሻ ነን እንዴ?

ቅዳሜ ደግሞ ብትሞት አትመጣም። ገበያው ደምቆ፣ ሰው ሁሉ ሲሸጥና ሲገዛ፣ የእሷ ቦታ ባዶ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። አንዳንድ ቀን የልጅ ልጇን ይዛ ትመጣ ነበር፣ የእኔ እኩያ ወንድ ልጅ። የሰፈር ልጆች «ቡዳ! ቡዳ!» እያልን እንሸሸው ነበር። እኔም ብዬዋለሁ። ፊቱን አሁንም አስታውሰዋለሁ። አላለቀሰም፣ አልመለሰም፣ የአያቱን ነጠላ ጫፍ ይዞ ቆመ።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ውስጥ በአውሮፕላን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ። የወለቃ ሰዎች ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው ወደ አዲስ አበባ መውረድ የጀመሩት። ሴትዮዋ ለመጨረሻ ጊዜ ስትመጣ ለአያቴ አንዲት ትንሽ ጀበና ሰጠቻት። ገንዘብ አልቀበልም አለች። «ኢየሩሳሌም ልንሄድ ነው» አለቻት። አያቴ ዕድሜዋን ሙሉ ኢየሩሳሌምን ልሳለም እያለች የኖረች ሴት ነበረች። «እኔንስ ማን ይወስደኛል?» ብላ አለቀሰች። ሁለቱም አለቀሱ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ክርስትና አጀማመር ማውራት ስለምፈልግ ነው። ብዙ ዓመት ሳነብም፣ ጉባኤ ስሰማም፣ ክርስትናና የአይሁድ እምነት ሁለት የተለያዩ ቤቶች እንደሆኑ አድርጌ ነበር የማስበው። እነሱ ክርስቶስን ሰቀሉ፣ እኛ አመንን፣ አለቀ። ቆይቶ የሐዋርያት ሥራን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርጋታ ሳነበው ግን ደጋግሞ ፊቴ ላይ የሚመጣው ያቺ ሴትና ድንጋዩ ላይ የተቀመጠው ገንዘብ ሆነ።

ጌታችን በስምንተኛው ቀን ተገረዘ። ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ጥር 6 ታከብረዋለች። እናቱ ድንግል ማርያም የመንጻቷ ወራት ሲፈጸም እንደ ኦሪቱ ሕግ ወደ ቤተ መቅደስ ወጣች፤ ሉቃስ መሥዋዕቱ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት እንደነበር ይነግረናል። ያ በግ መግዛት ለማይችል ድሃ የተፈቀደ መሥዋዕት ነው። ጌታችን ቅዳሜ ቅዳሜ ምኩራብ ይገባ ነበር፣ ኢሳይያስን ይገልጥ ነበር። ከትእዛዛት ሁሉ ፊተኛው የትኛው ነው ብለው ሲጠይቁት የመለሰው አይሁድ እስከ ዛሬ ማለዳና ማታ የሚጸልዩትን ቃል ነው፦ «እስራኤል ሆይ ስማ፤ ጌታ አምላካችን አንድ ጌታ ነው»። ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ አይሁድ ናቸው። ከዕርገቱ በኋላ እንኳ በየቀኑ ቤተ መቅደስ ይወጡ ነበር። መንፈስ ቅዱስ የወረደበት ቀን ራሱ የአይሁድ በዓል ነበር፣ በዓለ ኀምሳ፤ ኢየሩሳሌም በሰው የሞላችው ለዚያ ነው።

የእኛው ጃንደረባስ? የንግሥት ህንደኬ ባለሟል ፊልጶስን በመንገድ ሲያገኘው ከየት ነበር የሚመለሰው? ሊሰግድ ከሄደበት ከኢየሩሳሌም። በእጁ የያዘውስ? የኢሳይያስን ትንቢት። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ክርስቲያን ብለን የምንኮራበት ሰው ክርስቲያን የሆነው ከአይሁድ ቤተ መቅደስ ሲመለስ፣ የአይሁድን መጽሐፍ እያነበበ ነው።

አሁን ወደ ሲኒው ልመለስ። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ከባድ ጠብ በምን ላይ ነበር? እንደምንገምተው በሥላሴ ላይ አይደለም። በማዕድ ላይ ነበር። ጴጥሮስ መቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ቤት ሲገባ ለተሰበሰቡት ሰዎች ምን አለ? አይሁዳዊ ከሌላ ወገን ጋር መቀላቀል እንዳልተፈቀደለት ታውቃላችሁ አላቸው። አትንኩኝ! ኋላም በአንጾኪያ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር አብሮ ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ፣ ጳውሎስም በሰው ፊት ተቃወመው። ይህን ገላትያ ምዕራፍ 2 ላይ ሳነብ ሌላ አገር ያለ ሰው ምን ያህል እንደሚገባው አላውቅም። ጎንደር ያደገ ሰው ግን ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ማን ያረደውን ሥጋ ማን እንደሚበላ፣ በማን ሲኒ ማን እንደሚጠጣ፣ ድግስ ሲኖር ለሙስሊም ጎረቤት ለብቻ እንደሚታረድ እናውቃለን። ማዕድ እዚህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ50 አካባቢ በኢየሩሳሌም ጉባኤ ፊት ቀረበ። ከአሕዛብ ያመኑ ሰዎች ይገረዙ ወይስ አይገረዙ? በስብሰባው ላይ ፍርዱን የተናገረው የጌታ ወንድም ያዕቆብ ነው። አይገደዱም ተባለ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀና ከዝሙት ግን ይራቁ። እኔ እዚህ ላይ ብዙ ቆሜ አስቤያለሁ። ያ ጉባኤ አይሁዳውያን ለአሕዛብ በሩን የከፈቱበት ጉባኤ ነው። ጥያቄው እኛን እናስገባ ወይስ አናስገባ የሚል ነበር። በኋላ ዘመን ግን እኛ የቤቱ ባለቤት ሆነን እነሱን በደጅ አቆምን።

መለያየቱ በአንድ ቀን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አቃጠሉ። መሥዋዕት ቀረ። ከዚያ ወዲህ አይሁድ እምነታቸውን በምኩራብ፣ በጸሎትና በሕጉ ጥናት ዙሪያ አደራጁ፤ ክርስቲያኖች ደግሞ መሥዋዕቱ በክርስቶስ ተፈጽሟል አሉ። ከ132 እስከ 135 አይሁድ በባር ኮክባ መሪነት በሮማውያን ላይ ሌላ ዓመፅ አነሡ። እሱን መሲሕ ነው ያሉ ነበሩ፤ ክርስቲያኖች ይህን መቀበል አይችሉም ነበር። እንደዚያም ሆኖ በእስያ ያሉ ክርስቲያኖች ፋሲካን ከአይሁድ ጋር በአይሁድ ወር በኒሳን በ14ኛው ቀን ማክበራቸውን ቀጥለው ነበር። በ325 የኒቅያ ጉባኤ ነው በዓሉ ከአይሁድ አቆጣጠር እንዲለይ የወሰነው። በ386 ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ምኩራብ የሚሄዱ፣ ከአይሁድ ጋር የሚጾሙ ክርስቲያኖችን እጅግ በከረሩ ቃላት ሲገሥጽ እናገኘዋለን። አፈወርቅን እወደዋለሁ፣ በቅዳሴው አስቀድሳለሁ፤ እነዚያን ስብከቶች ግን ማንበብ ያመኛል። ደግሞም ልብ በሉ፣ ከጌታ ስቅለት 350 ዓመት በኋላ እንኳ ተራው ምእመን ሁለቱን ቤቶች ገና ለይቶ አልጨረሰም ነበር ማለት ነው።

እሺ፣ ታዲያ ልዩነቱ የት ነው? ልዩነት የለም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ያ ለሁለቱም ወገን አክብሮት ማጣት ይመስለኛል። እኛ ስንማር የሃይማኖታችን መሠረት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ናቸው። ትንሣኤ ሙታንን ተመልከቱ፤ ፈሪሳውያን ያምኑበት ነበር፣ ሰዱቃውያን ይክዱት ነበር፣ ጳውሎስም በሸንጎ ፊት «እኔ ፈሪሳዊ ነኝ» ያለው በዚህ ምክንያት ነው። ጥምቀት ከዮርዳኖስ፣ ከመታጠብና ከመንጻት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። ቁርባን ቃሉ ራሱ የእነሱ ነው፤ ማዕዱም የፋሲካ ማዕድ ነው። መንገዱ የሚለየው በምሥጢረ ሥጋዌና በምሥጢረ ሥላሴ ላይ ነው። እኛ ያ ከናዝሬት የመጣው፣ የተገረዘው፣ የደከመው፣ የተሰቀለው ሰው አምላክ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል እንላለን። አይሁድ መሲሕ ሲመጣ ዓለም ይስተካከላል፣ ሰይፍ ማረሻ ይሆናል፤ ይህ አልሆነም፤ እግዚአብሔርም አንድ ነው፣ ሥጋ አይለብስም ይላሉ። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም። እኔ በክርስቶስ አምላክነት አምናለሁ፣ ሕይወቴም በዚያ ላይ ነው። ግን «አንድ አምላክ» የሚለውን ከነሱ ነው የተማርነው።

ጎንደር ውስጥ ደግሞ ነገሩ ከመጽሐፍ አልፎ ከቤታችን ይገባል። የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ሴት ስለሆነች 80 ቀን ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። በ80ኛው ቀን ክርስትና ተነሣች። ወንድ ቢሆን 40 ነበር። ዘሌዋውያን 12ን ስትገልጡት ቁጥሩን እዚያው ታገኙታላችሁ። በዚያ የአራስነት ጊዜ አስበው የነበረው ያቺን የወለቃ ሴት ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች ሲወልዱ ከቤት ወጥተው ለብቻው በተሠራ ጎጆ 40 ወይም 80 ቀን ይቆዩ ነበር፤ በወር አበባቸው ጊዜም የመርገም ጎጆ ይገቡ ነበር። አያቶቻችን በዚህ ይገረሙባቸው ነበር። እኔም በዚያው ቁጥር፣ በዚያው መጽሐፍ፣ ቤቴ ተቀምጬ ቀን እቆጥራለሁ።

ወንድ ልጆቻችን በስምንተኛው ቀን ይገረዛሉ። ዓሣማ አንበላም። ያለ ታቦት ቤተ ክርስቲያን የለም። ሊቃውንቱ በመቋሚያ፣ በጸናጽልና በከበሮ ሲያሸበሽቡ ዳዊት በታቦቱ ፊት እንዳሸበሸበ እያሰቡ ነው። ቅዳሜንም ቀዳሚት ሰንበት ብለን እናከብራለን። ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ፣ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ተከታይ መነኮሳት፣ ስለዚህች ቀን ብዙ ተሰድደዋል፤ በመጨረሻ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1450፣ የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ወሰነ። ቋንቋችንም ይመሰክራል። ኦሪት፣ ታቦት፣ ጣዖት፣ ሃይማኖት፣ ምጽዋት፦ እነዚህ ቃላት ወደ ግእዝ የገቡት ከአራማይክ ነው። ሃይማኖት የሚለው ቃል ራሱ እንኳ!

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለጎንደር ሰው ስለሚያስደስት። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተገኘው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ቆይታው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ ገባ። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ደግሞ በሙት ባሕር ዳር፣ በቁምራን ዋሻዎች፣ የዚያው መጽሐፍ ቁርጥራጮች በአራማይክ ተገኙ። ይህ መጽሐፍ አይሁድ ከጌታ ልደት በፊት የጻፉትና ያነበቡት ነው፤ ሐዋርያው ይሁዳም በመልእክቱ ይጠቅሰዋል። ክርስቲያኑም ቤተ እስራኤሉም እዚህ ተራራ ላይ በግእዝ ጠብቀውታል። ኦሪታቸውም እኮ በግእዝ ነው። የወለቃ ቄስ በመስጊዳቸው (የጸሎት ቤታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩት)፣ የእኛ ቄስ በቅድስቱ ውስጥ፣ ያንኑ ትርጉም ያነቡ ነበር። እንዲህ ሆነን ነበር በድንጋይ ላይ ገንዘብ የምንቀባበለው።

ለምን ተራራቅን? ቤተ እስራኤል ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ ከዐፄ ይስሐቅ ጊዜ አንሥቶ፣ ርስታቸውን እንዳጡ ይነገራል። ርስት የሌለው ሰው ምን ይሆናል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ግንብ ይገነባል። ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ በጎንደር አብያተ መንግሥታት ግንባታ ላይ ግንበኞቻቸውና አናጢዎቻቸው ሠርተዋል። ቱሪስት ሲመጣ ደረታችንን ነፍተን የምናሳየው ግንብ የእነሱም እጅ አለበት። እኛ ግን ባለእጅን ናቅን፣ ቡዳ አልን፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል አልን።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ሰሙነ ሕማማት።

ሕማማትን ከዓመቱ ሁሉ አብልጬ እወዳለሁ። መስቀል አንሳለምም፣ አንሳሳምም፣ እጅ አንጨባበጥም፤ ይሁዳ በመሳም ስለሸጠው። ቤተ ክርስቲያኑ ጥቁር ይለብሳል። በዚያ ሳምንት ግን «አይሁድ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደሚነገር፣ በምን ድምፅ እንደሚነገር ልብ ብላችኋል? ልጅ ሆኜ ስሰማው ፊቴ ላይ የሚመጣው የዚያ ልጅ ፊት ነበር። ጌታዬን የገደለው እሱ ነው ብዬ አምን ነበር። የእኔ እኩያ፣ የአያቱን ነጠላ የያዘ ልጅ!

መስቀል የሮማውያን ቅጣት ነው። ፍርዱን የሰጠው ጲላጦስ ነው፤ ጸሎተ ሃይማኖት ስንጸልይ ስሙን በየቀኑ እንጠራዋለን። በእኛ ትውፊት ጲላጦስ ኋላ አምኖ እንደሞተ ይነገራል፣ ከቅዱሳንም ይቆጠራል። ለፈረደበት ሮማዊ ይህን ያህል ምሕረት ካለን፣ ለጌታ ዘመዶች፣ ለእናቱ ወገን፣ ከ1900 ዓመት በኋላ ወለቃ ላይ ሸክላ ለምትሠራ ሴት እንዴት ምሕረት አጣን? የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸከመለት፤ አይሁዳዊ እንደነበር ይታመናል። የአርማትያሱ ዮሴፍ መቃብሩን ሰጠው፤ አይሁዳዊ ነው፣ የሸንጎ አባልም ነበር። የኢየሩሳሌም ሴቶች አለቀሱለት። እነዚህንም በዚያው ሳምንት ነው የምናነባቸው።

በስቅለት ዓርብ ሲመሽ፣ ስግደቱ ካለቀ በኋላ፣ ምእመኑ ተሰልፎ ጎንበስ ይላል፣ ቄሱም ጀርባውን በወይራ ቅጠል ይጠበጥቡታል። ከዚያ የስግደት ቁጥር ይሰጣሉ። የጥቂት ዓመታት ነገር ነው፣ በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሮሜ 11 ትዝ አለኝ። ጳውሎስ ለሮም ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ እናንተ የበረሃ ወይራ ናችሁ፣ ከመልካሙ ወይራ ላይ ተቀጥላችሁ ከሥሩ ቅባት ተካፋይ ሆናችሁ፣ ስለዚህ በቅርንጫፎቹ ላይ አትመኩ ይላል። ሥሩ ይሸከምሃል እንጂ አንተ ሥሩን አትሸከምም። ገበሬ መልካሙን ነው በበረሃው ላይ የሚያዳቅለው፤ ጳውሎስ ግን ነገሩን ገለበጠው፣ ከተፈጥሮ ውጪ እንደሆነም ራሱ ተናገረ።

የእኛ ወይራ እኮ የበረሃ ወይራ ነው። ቃል በቃል። ፍሬው ትንሽ ናት፣ ሰው ለዘይት አይተክለውም። ለጭስ፣ ለጥርስ መፋቂያ፣ ለቤት ምሰሶ ነው የምናውቀው። የኢየሩሳሌሙ ወይራ የቅርብ ዘመድ ነው፣ ግን የዱሩ ወገን። ጳውሎስ ስለ እኔ ሲናገር የትኛውን ዛፍ እንዳሰበ ለማየት ከቤቴ ደጅ ወጣ ማለት ይበቃኛል። የቄሱ ቅጠል ጀርባዬን ሲነካኝ ስለዚያ ልጅ ንስሐ ገባሁ። «41 ስገጂ» አሉኝ።

ዛሬ ወለቃ ብትሄዱ ትንሿ መስጊድ አለች፣ በመንገዱ ዳር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ይሸጣሉ፤ ከሻጮቹ ብዙዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ሙያውን ከነሱ የተማሩ። ከተማው ውስጥ ደግሞ አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡ፣ አሁን ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ቅዳሜ ጠዋት ነጠላ ለብሰው ወደ ጸሎታቸው ሲሄዱ፣ ከሩቅ ላያቸው ሰው የእኛ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ይመስላሉ።

ከሁሉ በላይ ግን ልቤን የሚነካኝ ሉቃስ መጨረሻ ላይ ያለች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሴቶቹ ጌታ ሲቀበር አዩ። ሽቱ አዘጋጁ። ከዚያስ ወዲያው ሄዱ? አልሄዱም። እንደ ትእዛዙ በሰንበት ዐረፉ ይላል። የሚወዱት ሞቷል፣ ሽቱው ተዘጋጅቷል፣ መቃብሩ ቅርብ ነው፣ ግን ቅዳሜ ነው። ቁጭ ብለው ጠበቁ። እሑድ ማለዳ መቃብሩ ባዶ ሆኖ ያገኙት ቅዳሜን ስላከበሩ ነው። የትንሣኤውን የምሥራች ወደ ሐዋርያት ያደረሱት ሰንበታቸውን ያልሻሩ አይሁዳውያት ሴቶች ናቸው።

ያ ቀን ለእኛ ቀዳም ሥዑር ነው። ካህናቱ ቄጠማ ያድላሉ፣ ግንባራችን ላይ እናስራለን። ባለፈው ዓመት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጄ ከመደርደሪያው የአያቴን ጀበና አውርዳ ይዛ ቆማለች። አንገቱ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል፤ ግን አያፈስም። «እማ፣ በዚህ ለምን አናፈላም?» አለችኝ።

«ነገ» አልኳት። «ዛሬ ቅዳሜ ነው።»